ሥጋ በላዋን ተክል ሥጋ አታጉርሷት!

ቬነስ ፍላይትራፕ ትባላለች። ትውልዷ አሜሪካ ነው፤ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና ረግረግ። ዝንብ የቅጠሏን ፀጉር በ20 ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ ከነካ አለቀለት፤ ግጥም!

ቤት ውስጥ ግን እሷን የሚገድላት ፍቅር ነው። አንዱ ጥሬ ሥጋ ያጎርሳታል፤ ወጥመዷ ይበሰብሳል። ሌላው ለእንግዳ ትርዒት በጣቱ ይነካካታል፤ በከንቱ ስትዘጋ አቅሟ ያልቃል። ሌላዋ ማዳበሪያ ትጨምርላታለች፤ ሥሯ ይቃጠላል። ወዳጄ፣ አደን የለመደችው እኮ አፈሯ ድሃ ስለሆነ ነው!

ታዲያ ምን ይሻላል? የዝናብ ውሃ ስጧት፤ የቧንቧው ጨው ይጎዳታል። ፀሐይ አትንፈጓት። በብርድ ወራት ቅጠሏ ሲጠቁር ደግሞ «ሞተች» ብላችሁ እንዳትጥሏት! ቀዝቀዝ ያለ ቦታ 3 ወር ያህል ተኝታ ትነሳለች። አንዳንዱን የሚወዱት ባለመነካካት ነው።