ጎበዙን ለመለየት ሰዓቱን መጠየቅ

ጎ የተባለው የቻይና ጨዋታ በጥቁርና በነጭ ጠጠር ይካሄዳል፤ ሰፊ ቦታ የከበበ ያሸንፋል። ዛሬ ኮምፒዩተርም ይጫወተዋል። የትኛው ፕሮግራም እንደሚበልጥ ለማወቅ በመጀመሪያ ለማሰቢያ የተሰጠውን ጊዜ እንጠይቃለን። ፕሮግራሙ ጠጠር ከማስቀመጡ በፊት ብዙ አማራጭ ይሞክራል፤ ጊዜ ሲያጥረው የሚሞክረው ያንሳል። እኛስ አንዱን ተማሪ ግማሽ ሰዓት፣ ሌላውን አንድ ሰዓት ፈትነን ደረጃ ብናወጣ ማን ይቀበለናል?

እ.ኤ.አ. በ2015 አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም የአውሮፓውን ሻምፒዮን ፋን ሁዊን ረዘም ባለ ሰዓት 5 ለ 0 ረታ። በፈጣኖቹ ጨዋታዎች ግን 3 ለ 2 ነበር። ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ሲወዳደር ለሁሉም በየተራው እኩል 5 ሴኮንድ ተሰጠ፤ ከ495 ጨዋታ 494ቱን አሸነፈ። የተሸነፈባትን አንዷን ብናያት እንዴት ደስ ባለን!