ባቡሩም ይርጠብ

የባቡር ሲሙሌተር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ባቡር ለመንዳት የሚያስችል ፕሮግራም ነው። የጌም ወዳጆች ይዝናኑበታል፤ የባቡር ድርጅቶች ደግሞ ከእውነተኛ የነጂ ክፍል ጋር አቀናጅተው ሠልጣኝ ያስተምሩበታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 የራሱን ካወጣ ወዲህ ለቤት ኮምፒውተር የተሠሩት በርክተዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኦፕን ሬልስ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራና በነጻ የሚገኝ ነው።

በቆዩት ሲሙሌተሮች ላይ አንድ ጉድለት ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ዶፉ ይወርዳል፣ ፉርጎው ግን ጠብ ያላለበት ይመስላል። ምክንያቱም ዝናቡ የተሳለው ለተመልካቹ ዓይን ብቻ ነው፤ ተሽከርካሪው መዝነቡን አያውቅም። ይህን ማሳወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ሥራው ከነጂው መስታወት ይጀምራል። ባቡሩ ቆሞ ሳለ ጠብታው መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይገጥማል፣ ሲከብድም ቁልቁል ይንሸራተታል። ጉዞ ሲጀመር ነገሩ ይለወጣል። መካከለኛ የዝናብ ጠብታ በሰከንድ ከ6 እስከ 7 ሜትር ይወርዳል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ግን በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ዝናቡ ከላይ መውረዱ ቀርቶ ከፊት የሚመጣ ይመስላል፤ በጎን መስኮቶች ላይ የሚተወው መስመርም ወደ አግድም ይጋደማል። ሠሪው የመስመሩን ዝንባሌ ከፍጥነቱ ጋር ካላሰረው የተሳፋሪ ዓይን ወዲያው ይነቃበታል። ለዝናብ መጥረጊያው ደግሞ ፕሮግራሙ የትኛው የመስታወቱ ክፍል እርጥብ እንደሆነ የሚመዘግብ ሌላ ምስል ይይዛል። መጥረጊያው ያለፈበት ይጸዳል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እንደገና ይሞላል። መጥረጊያው የማይደርስባት ማዕዘን እንደራሰች መቅረት አለባት። መስታወቱን እውነተኛ የምታስመስለው እሷ ናት።

ቀጥሎ የተሽከርካሪው አካል ነው። የረጠበ ነገር ይጠቁራል፣ ያብረቀርቃልም። ውሃው በሻካራው ገጽ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚሞላ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ከላይ ያለው ለስላሳ የውሃ ሽፋን ደግሞ ሰማዩን መልሶ ያሳያል። ኮምፒውተሩ ላይ ይህ የቀለሙን ድምቀትና የገጹን ሻካራነት አንድ ላይ በመቀነስ ይሠራል። ግን ሁሉንም እኩል መቀነስ አይገባም። ጥሩ ቀለም የተቀባ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚስበው ሞተር) ብዙም አይጠቁርም፤ የዛገ የጭነት ፉርጎ ክፉኛ ይጠቁራል፤ ከፉርጎው ሆድ ሥር ያለው ብረት ከላይ በሚወርደው ዝናብ አይርስም፤ የሚርሰው ከታች በሚረጨው ነው።

እስካሁን ያልነው ለዓይን ነው። ዋናው ቁም ነገር ያለው ከጎማውና ከሐዲዱ መገናኛ ላይ ነው። የብረት ጎማ የብረት ሐዲድ የሚነካው በጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ነው፤ ባቡሩን የሚስበውም የሚያቆመውም በዚያች ቦታ ያለው መያያዝ ነው። ጀርመናውያኑ ተመራማሪዎች ኩርቲየስና ክኒፍለር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ባወጡት ቀመር መሠረት፣ በደረቅ ሐዲድ ላይ የቆመ ሎኮሞቲቭ ጎማው ሳይሸራተት ከክብደቱ 33 በመቶ በሚሆን ኃይል መሳብ ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። ሐዲዱ ሲረጥብ የዚያ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ያኔ ነጂው ኃይል ሲጨምር ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ፍሬን ሲያጠብቅ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል፣ የመቆሚያው ርቀትም ይረዝማል። ሎኮሞቲቮች አሸዋ ይዘው ከጎማው ፊት የሚረጩት ለዚህ ነው።

ብዙዎቹ ሠሪዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። እጅግ አንሸራታቹ ከባዱ ዶፍ አይደለም። ካፊያና የማለዳ ጤዛ ከሐዲዱ ዝገትና አቧራ ጋር ተለውሰው እንደ ቅባት ይሆናሉ፤ ዶፉ ሲመጣ ግን አጥቦ ይወስደዋል። ዝናብን እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ አድርጎ የሠራ ሲሙሌተር ይህን ሊያሳይ አይችልም። ጠብታው ውብ ሆኖ ጎማው መርጠቡን የማያውቅበት ሲሙሌተር ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይከፋል። ሠልጣኙን ፍሬን ዘግይቶ እንዲይዝ ያስለምደዋልና።

ከውጭ የሚመጡት ሲሙሌተሮች በብዛት የሚያውቁት የባሕር ማዶውን አየር ነው፤ መሬት ላይ የሚነጠፍ ነጭ በረዶና ሐዲድ ላይ የሚረግፍ የመከር ቅጠል። የእኛ ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲዘልቅ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአዲስ አበባ ዙሪያ ደጋ እስከ ባሕር ጠረፍ ሐሩር ይወርዳል። በአንድ ጉዞ ካፊያ፣ ወበቅና የበረሃ አቧራ ይፈራረቁበታል። ይህን መስመር በትክክል የሚያሳይ ሲሙሌተር የአየር ሁኔታውን በየከፍታው ሊለዋውጥ ይገባል።

ባቡር ገና ያልደረሰበት ጎጃምስ? እዚያ ካሉት ከተሞች ጅጋም ሆነች ፍኖተ ሰላም ሐዲድ የላቸውም። ሆኖም የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ካቀዳቸው መስመሮች አንዱ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ አድርጎ ሰመራና ጋላፊ የሚደርስ ነበር። ከወልድያ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣው ክፍል አልተሠራም። ሲሙሌተር ላይ ግን ለመሥራት የሚከለክል የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የለካችው የመሬት ከፍታ መረጃ በነጻ ይገኛል፤ ሞዴል የሚሠራበት ብሌንደር የተባለው ፕሮግራምም እንዲሁ። ኮምፒውተር የሚወድ የቡሬ ወይም የጅጋ ወጣት ለወደፊት ሊሠራ የሚችለውን መስመር ዛሬ ሊነዳው ይችላል።

አየሩን ደግሞ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን፣ ሰብል የሚያወድመውን የበረዶ ጠጠርም ያውቃል። ጠጠሩ መስታወት ላይ አይፈስም፣ ይነጥራል፤ የፉርጎ ጣሪያ ላይ ሲያርፍ የሞተሩን ድምፅ ይውጠዋል፤ ስለዚህ የራሱ ድምፅ ሊቀዳለት ይገባል። ዝናቡ ለሚያመጣው ጭቃ የሚሆን ናሙና ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ ቆሟል። ከገጠር በጥርጊያ መንገድ የገባ አውቶቡስ ጎኑን ማየት ነው። ቀዩ አፈር ከጎማው ኋላ ወፍሮ ይጋገራል፣ ወደ መስኮቱ ሲወጣ ወደ ነጠብጣብ ይሳሳል፣ ከጣሪያው የወረደው ውሃም በመካከሉ ቀጫጭን ንጹሕ መስመር ያወጣበታል። ባቡር ጠጠር በተነጠፈበት መንገድ ስለሚሄድ ጭቃው ይቀንስለታል፤ የነጠብጣቡና የውሃው መስመር አወራረድ ግን ያው ነው። ያንን በስልክ ካሜራ ከፊትና ከጎን፣ ሲደርቅና ሲረጥብ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ የሥራው መጀመሪያ ነው።