ጫማ ሻጭ ሥራው ምንድን ነው?

ከጫማ መደብር ገብታችሁ ቁጥራችሁን ተናግራችሁ፣ ሒሳባችሁን ከፍላችሁ ስትወጡ፣ ያስተናገዳችሁ ሠራተኛ ሥራው ዕቃ ማቀበልና ገንዘብ መቀበል ብቻ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም። ለዚህም እንጅባራን ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

እንጅባራ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ፣ ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩም ቀይ ነው። በዚህ ስፍራ ለጫማ ሽያጭ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ጧት አቧራውን አራግፎ ካርቶኖቹን በየቁጥራቸው ይደረድራል፤ ማታም የተሸጠውንና የቀረውን ቆጥሮ ያስረክባል። ክረምት ሲገባ ቦት ጫማ፣ መስከረም ሲጠባ የተማሪ ጫማ ይፈለጋልና፣ ወቅቱን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ልክ ማግኘት ነው። በጫማ ላይ የሚጻፈው የአውሮፓ ቁጥር የሚያመለክተው ርዝመትን ነው። አንዱ ቁጥር የሳንቲሜትር 2/3 ስለሆነ፣ 42 ቁጥር ማለት 28 ሳንቲሜትር በሚረዝም ፎርማ ላይ የተሠራ ጫማ ነው። ስለ እግር ስፋት ግን ቁጥሩ አንዳች አይናገርም። የአንድ ሰው ሁለት እግሮችም ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም፤ ሲመሽም እግር በጥቂቱ ያብጣል። ስለዚህ ዐዋቂ ሻጭ ሁለቱንም እግር ያስለካል፤ ገዢውንም አቁሞ ያራምደዋል። በተለይም በባዶ እግሩ ሲሄድ የኖረ ገበሬ እግሩ የተዘረጋ ነውና፣ በርዝመት የሚበቃው ጫማ በስፋት ሊጨንቀው ይችላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምቾት ብቻ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ ጥቃቅን የማዕድን ብናኝ በቆዳው እየገባ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ ዓይነት እግሩን ሊያሳብጠው ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ገበያዎች ታማሚዎችን እየቆጠሩ የበሽታውንና የቀይ አፈሩን ግንኙነት አስረድተዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያውም ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። እንግዲህ የሚጠብና የሚልጥ ጫማ የሸጠ ሰው ገንዘብ ተቀበለ እንጂ እግር አልጠበቀም፤ ገዢው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ መሄዱ አይቀርምና።

ስለዚህ የሠራተኛውን ገቢ በሸጠው ጥንድ ብዛት ብቻ የሚወስን ድርጅት ችኮላን ያስተምራል። ሠራተኛው በጥሞና እንዲለካ የሚፈልግ ድርጅት ግን የሚበቃ ደመወዝ ይቆርጥለታል፤ በሌላ ቀን የልክ ለውጥ የሚጠይቅ ገዢንም በደስታ ይቀበላል።

ከሰው እግር ሥር ተንበርክኮ መሥራትን እንደ ውርደት የሚቈጥር ቢኖር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ መከልከላቸውን ያስታውስ። እናንተም ጫማ ስትገዙ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ሁለቱንም እግር ለኩ፤ ቆማችሁ ተራመዱ። ሻጩ «ይህ ለእርስዎ አይሆንም» ቢላችሁ አትቆጡ፤ በዚያች ሰዓት ከትርፉ ይልቅ ለእናንተ አስቧልና አመስግኑት።