ጓደኛችን ክብደት ልቀንስ ስትል እኛ ምን እናድርግ?

ስለ ምግብ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን እጥረቱ ነው። ይሁን እንጂ ከልክ ያለፈ ክብደት የሚያስቸግራቸው ጓደኞችም በመካከላችን አሉ። አንዷ የመኝታ ቤታችን ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዳ የደም ግፊቷ ከፍ ማለቱ ተነግሯት፣ ክብደት እንድትቀንስ ተመክራ ተመለሰች። ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በእርሷ ፈቃድ ነው፤ ስሟን ግን አንጠቅስም።

በመሠረቱ ክብደት በዛ የሚባለው በዓይን ተገምቶ አይደለም። ክብደት በኪሎ ግራም ተይዞ፣ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። 1.60 ሜትር ቁመትና 74 ኪሎ ያላት ሴት ብንወስድ፣ 74 ለ2.56 ሲካፈል 28.9 ገደማ ይሆናል (የሒሳብ ልጆች ይፈትሹልን!)። ከ18.5 እስከ 25 ደህና ነው፤ ከ25 ጀምሮ ክብደቱ በዝቷል፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ውፍረት ይባላል። ስሌቱ ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ የሐኪም ምርመራን አይተካም።

ጓደኛችን በመጀመሪያ ያደረገችው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ቁርስና ምሳ መተው። ከዚህም የተነሣ በማስተማር ልምምድ ላይ ጥቁር ሰሌዳው ፊት አዞራት። ማታ ደግሞ ያገኘችውን ዳቦ ጠራርጋ በላች። «ኧረ ቁርጠኝነት የላትም!» ያሉ ነበሩ። ነገሩ ግን የቁርጠኝነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉ ሳይንቲስት የ36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ምግብ ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ገደማ ቀንሰው ሁኔታቸውን አጠኑ። ሰዎቹ ከሱ ብቻ ሳይሆን ቁጡና ፈዛዛ ሆኑ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብ የጀመሩም ነበሩ። ሙከራው ሲያበቃም ብዙ በልተው አልጠግብ ያሉ ነበሩ። ይኸውም ሰውነት ሲራብ ራሱን ስለሚከላከል ነው፤ ረሀብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ይቀንሳል። ስለዚህ ቁርስ የተወን ጓደኛ «ጎበዝ!» ብሎ ማመስገን እርዳታ አይደለም።

ዋናው ችግር ያለው ደግሞ ማዕዱ ላይ ነው። ከአንድ ትሪ ለአራት ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ጉርሻው አለ፤ «በሞቴ!» አለ፤ እምቢ ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። ለብቻዋ በሳሕን ትብላ እንዳይባል ከማዕድ መለየት ይሆናል፤ ይህ ከረሀቡ ይብሳል። በእኛ ክፍል የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ትሪው አንድ ነው፤ የእርሷ እንጀራ ግን በእርሷ በኩል ተለክቶ ይቀመጣል። ማጉረስ ያማረው ጎመን ያጎርሳታል፤ «በቃኝ» ካለች «በሞቴ» የለም። ወጡ ላይ ዘይት እንቀንሳለን፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ ይሰጣልና። ሻይም ላይ እንዲሁ፤ በቀን ሦስት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ማለት 36 ግራም ገደማ ነው።

ስለ አነጋገራችንም አንድ ነገር እንበል። በአገራችን «ተመችቶሻል» ሙገሳ ነው፤ «ምነው ከሳሽ፣ ታመሽ ነው?» ደግሞ አዘኔታ ነው። ሦስት ወር የደከመች ልጅ ለበዓል ቤቷ ገብታ ይህን ስትሰማ ምን ይሰማታል? ስለ ሰውነቷ ከማውራት ይልቅ ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሿ ተሻሽሎ እንደሆነ ብንጠይቃት ይሻላል። በየማለዳው ሚዛን ላይ መውጣቷንም አናበረታታ፤ ክብደት በውኃ ምክንያት ብቻ ከቀን ወደ ቀን ኪሎ ያህል ከፍና ዝቅ ይላል።

ግቡም ሰማይ መንካት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ 3,234 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 7 በመቶ ለ74 ኪሎ ሰው 5 ኪሎ ገደማ ናት!

ጓደኛ ምግብ መደበቅ፣ በልቶ ማስመለስ ወይም ደጋግሞ ራስን መሳት ከጀመረ፣ የወር አበባዋም ከቀረ፣ ነገሩ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ አብረን ወደ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።

150ውን ደቂቃ በተመለከተ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከእራት በኋላ እስከ ግቢው በር ሁለት ዙር እንሄዳለን፤ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ በመንገዳችን የማግስቱን የትምህርት ዕቅድ እንነጋገራለን። መምጣት የሚፈልግ ማታ በ1፡30 በመመገቢያ አዳራሹ ደጃፍ ያገኘናል።