የዶሮዋ ፕሮቲን፣ የቫይረሱ ጉልበት

እ.ኤ.አ. በ2023 የኤድንብራው ሮዝሊን ተቋምና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ዘረ መላቸው በጥቂቱ የተለወጠ ዶሮዎች ማርባታቸውን ይፋ አደረጉ። አስሩን ዶሮዎች ለተለመደው መጠን ኤች9ኤን2 የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሲያጋልጧቸው ዘጠኙ አልተያዙም። የተለወጠው ዘረ መል የሚያሠራው ኤኤንፒ32ኤ የተባለውን ፕሮቲን ነው።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ያለው ስንቅ ስምንት የአርኤንኤ ቁራጭና ጥቂት ፕሮቲኖች ብቻ ነው። በሰው ቤት፣ በሰው እሳት ወጥ እንደሚሠራ እንግዳ፣ ለመራባት የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር የሚያገኘው ከገባበት ሕዋስ ነው። አርኤንኤውን የሚቀዳው ማባዣ የራሱ ቢሆንም፣ ያለ ኤኤንፒ32 ፕሮቲኖች እገዛ ሥራው አይሰምርም።

ዝርያ ከዝርያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የዶሮው ኤኤንፒ32ኤ በሰው ላይ የሌሉ 33 ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች አሉት። ከአእዋፍ ጋር የኖረው ማባዣ የለመደው ይህንኑ ረጅሙን ስለሆነ፣ በሰው ሕዋስ ውስጥ ሥራው ይዳከማል። ይህን ምሥጢር በ2016 የገለጠው የፕሮፌሰር ዌንዲ ባርክሌይ ቡድን ነው።

ቫይረሱ ግን መላ አያጣም። ፒቢ2 በተባለው የማባዣው ክፍል 627ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በላይሲን ሲተካ፣ የሰው ፕሮቲን ይበቃዋል። እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለውን እልቂት ያመጣው የ1918ቱ ቫይረስ ይህ ለውጥ ነበረው። በ2024 በአሜሪካ የወተት ላሞች ውስጥ የተገኘው ኤች5ኤን1 የወፍ ኢንፍሉዌንዛም እዚያው አጠገብ፣ 631ኛው ቦታ ላይ ተለውጧል።

ዶሮዎቹም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው። የቫይረሱ መጠን ሺህ እጥፍ ሲጨመር ግማሾቹ ተያዙ። ከእነሱ የተገኘው ቫይረስም ተለውጦ በተስተካከለው ፕሮቲን መጠቀም ችሎ ነበር፤ እንዲያውም የፕሮቲኑን ዘመዶች ኤኤንፒ32ቢንና ኤኤንፒ32ኢን ጭምር መጠቀም ጀምሮ ነበር። በላቦራቶሪ ሦስቱም ዘረ መሎች ከዶሮ ሕዋስ ሲወገዱ ግን መራባቱ ቆመ።

እነዚህ ፕሮቲኖች ለሕዋሱም የራሳቸው ሥራ ስላላቸው፣ ሦስቱንም አጥፍቶ ጤነኛ ዶሮ ማርባት ቀላል አይደለም። አንዱን ብቻ ለውጦ ወደ እርባታ ጣቢያ መሮጥ ደግሞ ቫይረሱን ማስተማር ይሆናል። ስለዚህ ዘረ መልን ማስተካከል ተስፋ የሚጣልበት መንገድ ቢሆንም፣ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው ቫይረሱ አማራጭ እንደሌለው በተግባር ሲረጋገጥ ብቻ መሆን አለበት።