አንድ ሄሊኮፕተር፣ አንድ ቀን፦ የቬትናሙን “ሂዩይ” በትንሹ ግን በትክክል መሥራት

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ሄሊኮፕተር ጠባብ ጣሪያ ላይ ቆሟል፣ መሰላሉ ላይ ሰው ተደርድሯል፣ ከላይ ያለው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ይቀበላቸዋል። ሳይጎን፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1975። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከፎቶው ሥር ብዙ ጊዜ ምን ተብሎ ይጻፋል? “ከአሜሪካ ኤምባሲ ጣሪያ ሲያመልጡ።”

አይደለም። ሕንፃው 22 ጂያ ሎንግ ጎዳና ላይ ያለ አፓርታማ ነው። ፎቶውን ያነሳው ሆላንዳዊው ሁበርት ቫን ኤስም ይህንኑ ተናግሯል። ሄሊኮፕተሩም የጦር ሠራዊቱ አልነበረም፤ ሲአይኤ በስውር ይዞት የነበረው ኤር አሜሪካ የሚባል አየር መንገድ ንብረት ነው።

አሁን አንድ ሰው የፕላስቲክ ኪት ገዝቶ ይህን ትዕይንት ልሥራ አለ እንበል። ሄሊኮፕተሩን የጦር አረንጓዴ ቀባው፣ ጅራቱ ላይ የአሜሪካ ጦር የሚል ለጠፈ፣ ከሥሩ ኤምባሲ ሠራ። ሙጫው ንጹሕ፣ ቀለሙ ልስልስ ያለ ሊሆን ይችላል። ግን ያ ቀን አይደለም። የዛሬው ወሬያችን ስለዚህ ነው፦ ሞዴል በታሪክ “ትክክል” ነው የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው?

መጀመሪያ ስሙን እንጨርስ። ይህ የቤል ኩባንያ ሄሊኮፕተር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1956 ነው። ይፋዊ ስሙ ኢሮኮይ ነው፤ ግን ማን ይጠራዋል? የመጀመሪያ መለያው ኤችዩ-1 ስለነበር ወታደሮቹ አሳጥረው ሂዩይ አሉት። በ1962 መለያው ተገልብጦ ዩኤች-1 ቢሆንም ቅጽል ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ቬትናም ውስጥ ከ7,000 በላይ ሂዩይዎች አገልግለዋል፣ ከ3,000 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድመዋል። ስለዚህ “የቬትናም ሂዩይ” የሚባል አንድ ነገር የለም። የትኛው? የማን? በየትኛው ዓመት?

ለምሳሌ ኖቬምበር 14 ቀን 1965ን እንውሰድ፣ የኢያ ድራንግ ውጊያ። በሜጀር ብሩስ ክራንዳል የሚመሩ 16 ሂዩይዎች የኮሎኔል ሃል ሙርን ሻለቃ ኤክስሬይ ወደተባለ ሜዳ ያመላልሳሉ። ተኩሱ ሲበረታ ቁስለኛ የሚያነሱት ሄሊኮፕተሮች አናርፍም አሉ። ክራንዳልና ካፒቴን ኤድ ፍሪማን ግን በፈቃዳቸው እየተመላለሱ ጥይትና ውኃ አስገቡ፣ ቁስለኞችን አወጡ። የአሜሪካን ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳልያ ያገኙት ፍሪማን በ2001፣ ክራንዳል በ2007 ነው። አዎ፣ ከ35 ዓመት በላይ ቆይቶ።

ይህን ቀን ልሥራ ካላችሁ የምትፈልጉት ዩኤች-1ዲ የተባለውን ነው። እዚህ ጋ ነው ጣጣው የሚጀምረው። ዩኤች-1ዲ እና ተከታዩ ዩኤች-1ኤች ከሩቅ መንታ ናቸው። ዋናው ልዩነት ሞተሩ ነው፣ ከ1,100 ወደ 1,400 የፈረስ ጉልበት አድጓል። እሱ ደግሞ ከውጭ አይታይም። የሚያጋልጠው ትንሽ ነገር ነው፦ የአየር ፍጥነት የሚለካው ቀጭን ቱቦ በዲው ላይ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በኤቹ ላይ ግን በአብዛኛው ጣሪያው ላይ ታገኙታላችሁ። ሞዴሉ ላይ ከክብሪት እንጨት የቀጠነች ነገር ናት። ግን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።

ሳጥኑ ላይ “ዩኤች-1ዲ” የሚል ማንበብም አያስተማምንም። የጀርመን ጦር ራሱ ዩኤች-1ዲ የሚላቸውን ሂዩይዎች ጀርመን አገር አስገጣጥሞ እስከ 2021 ድረስ አብርሯል። ሳጥኑ የእነሱን ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የምንወደው ግን የጭስ ማውጫውን ታሪክ ነው። አንዳንድ ሂዩይዎች ላይ የሞተሩ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፣ ወታደሮቹ “የሽንት ቤት ሳህን” ይሉታል። ለምን ታጠፈ? በ1972 የሰሜን ቬትናም ተዋጊዎች በትከሻ የሚተኮሰውን የሶቪየት ሚሳኤል፣ ስትሬላን፣ መጠቀም ጀመሩ። ሚሳኤሉ ሙቀት እያሸተተ ነው የሚሄደው። ትኩሱን ጭስ ወደ ላይ፣ ወደ ሮተሩ ንፋስ ማዞር ሄሊኮፕተሩን ለመደበቅ ይረዳል። ስለዚህ በ1965ቱ የኢያ ድራንግ ሞዴል ላይ ይህን ቱቦ መግጠም ማለት ገና ያልመጣ ሚሳኤልን መፍራት ነው።

ቀለሙስ? “አረንጓዴ ነዋ” አትበሉ። የአሜሪካ መንግሥት ቀለሞቹን በቁጥር ነው የሚለየው፤ ለሂዩይ የሚጠቀሰው 34087 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር አንጸባራቂነቱን ይነግራችኋል፦ 1 የሚያብለጨልጭ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ደብዛዛ። ሁለተኛው 4 ደግሞ የአረንጓዴ ቤተሰብ ማለት ነው። ስለዚህ 24087 ያው ቀለም ነው፣ ግን ትንሽ ያበራል። ጽሑፎቹም እንደ ዓመቱ ይለያያሉ፦ በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ጎላ ብለው ይታዩ ነበር፣ እየቆየ ግን ለጠላት ዒላማ እንዳይሆኑ በጥቁር ብቻ ተጻፉ።

ሌላ ወጥመድ አለ፣ ቃላት። የፍሪማን የሜዳልያ ጽሑፍ ሄሊኮፕተሩን “ያልታጠቀ” ይለዋል። ታዲያ የበሩን መትረየስ እናንሳው? ቆይ። ሰው የሚያመላልሱት ሂዩይዎች “ስሊክ” ይባሉ ነበር፣ ልሙጥ እንደማለት፤ ጎናቸው ላይ እንደ ተዋጊዎቹ ሮኬት ስላልተደረደረባቸው። በራቸው ላይ ግን ኤም-60 መትረየስ መኖሩ የተለመደ ነበር። ስለዚህ በአንድ ቃል ተነስቶ መሣሪያ መንቀል አይቻልም። የክፍሉን የዚያን ወር ፎቶ መፈለግ ግድ ነው፣ አድካሚውም ሥራ ይሄ ነው።

ስለ መጠን አጭር እንበል። 1/48 ማለት እውነተኛው 48 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው፤ 14.6 ሜትር የሆነው ሮተር 30 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በ1/72 ወደ 20 ይወርዳል፣ ለጠባብ ቤት ይሻላል። በ1/48 አንድ ሚሊሜትር ከሳታችሁ፣ በእውነተኛው ላይ ወደ 5 ሳንቲሜትር ስታችኋል። የቆመ ሂዩይ ከሆነ ደግሞ የሮተሩ ሁለት ምላጮች በክብደታቸው ጫፋቸው ዝቅ ይላል፤ ኪቱ ውስጥ ቀጥ ብለው ከመጡ ቀስ አድርጋችሁ ማጉበጥ ነው። መስታወቱን በሱፐር ግሉ አታጣብቁ፣ ትነቱ ጭጋግ ያለብሰዋል። ነጭ ኮላ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ከባዱ። ማርች 16 ቀን 1968፣ ሚ ላይ። የአሜሪካ ወታደሮች ያልታጠቁ መንደርተኞችን ጨፈጨፉ፤ የአሜሪካ ቆጠራ 347፣ የቬትናም መታሰቢያ ደግሞ 504 ሰው ይላል። ከላይ ሲበር የነበረው የ24 ዓመቱ አብራሪ ሂዩ ቶምሰን በወታደሮቹና በመንደርተኞቹ መሐል አረፈ። ለባልደረቦቹ፣ ለ20 ዓመቱ ግሌን አንድሬዮታና ለ18 ዓመቱ ላውረንስ ኮልበርን፣ ወታደሮቹ ሕዝቡ ላይ ከተኮሱ እናንተም ወታደሮቹ ላይ ተኩሱ አላቸው። አንድሬዮታ ከሬሳ መሐል በሕይወት ያለ ልጅ አወጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሱም በጦርነቱ ሞተ። ሦስቱም የተሸለሙት በ1998 ነው።

ቬትናም ሲባል ሁሉም ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ሂዩይ ስለሆነ ቶምሰንን ሂዩይ ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ያበር የነበረው ግን ኦኤች-23 ሬቨን ነው፤ ፊቱ እንደ አረፋ መስታወት የሆነ፣ ትንሽ የቅኝት ሄሊኮፕተር። ትንሽነቱ ታሪኩ ውስጥ ገብቷል፦ መንደርተኞቹን የሚጭንበት ቦታ ስላልነበረው በሬዲዮ አብረውት ያሉትን የታጠቁ ሂዩይዎች ለምኖ እንዲያርፉ አደረገ። ለውጊያ የተላኩት ናቸው ሰው የጫኑት። ሬቨኑን በሂዩይ ከተካችሁት ያ ልመና ለምን እንዳስፈለገ ማንም አይገባውም።

ለመጀመር ምን ይሻላል? በእኛ እይታ፣ በአካል ሄዳችሁ ልታዩት የምትችሉት ሄሊኮፕተር። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ከዳላስ ኤርፖርት አጠገብ፣ ቻንቲሊ ቨርጂኒያ፣ የስሚዝሶኒያን ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ውስጥ “ስሞኪ 3” የተባለ፣ መለያ ቁጥሩ 65-10126 የሆነ የቬትናም ዩኤች-1ኤች ቆሟል። ወታደሮች ሲያርፉ እንዳይታዩ ጭስ የሚዘረጋ ነበር። መግቢያው ነጻ ነው፣ ለመኪና ማቆሚያ ግን ይከፈላል። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ከፊት ለፊት ሰልፊ ተነሥታችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ጣሪያውን፣ የጭስ ማውጫውን ዙሪያና የጅራቱን ግራ ቀኝ አንሡ። ኪቱ ላይ ግራ የሚያጋባችሁ እነሱ ናቸው።