ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው የመሐመድ አሊ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካዊው የፊልም ባለሙያ ሊዮን ጋስት ወደ ዛየር ዋና ከተማ ኪንሻሳ ያቀናው የሙዚቃ ድግስ ለመቅረጽ ነበር። ድግሱ የተሰናዳው በመሐመድ አሊና በጆርጅ ፎርማን መካከል ለሚካሄደው የከባድ ሚዛን የዓለም ቦክስ ሻምፒዮና ማድመቂያ ይሆን ዘንድ ነው።

ይሁን እንጂ ፎርማን በልምምድ ላይ ሳለ ዓይኑ አጠገብ በመቁሰሉ ግጥሚያው ከሴፕቴምበር 25 ወደ ኦክቶበር 30 ተዛወረ። ለአዘጋጆቹ ራስ ምታት የሆኑት እነዚያ አምስት ሳምንታት ለካሜራው ሲሳይ ሆኑለት። አሊ ሕጻናት አጅበውት ሲሮጥ፣ ከጋዜጠኞች ጋር ሲቀልድና ሲፎክር ተቀረጸ። ሃይማኖቱን ጠቅሶ በቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ በ1967 የተነጠቀውን የሻምፒዮንነት ክብር ለማስመለስ የመጣ የ32 ዓመት ሰው ነበር።

ያ ሁሉ ምስል ግን በገንዘብ እጦትና በሕግ ክርክር ሳቢያ ለዓመታት ተቆልፎ ተቀመጠ። «ዌን ዊ ወር ኪንግስ» በሚል ርዕስ ዘጋቢ ፊልም ሆኖ ለተመልካች የበቃው በ1996 ነው።

በመካከሉ ብዙ ነገር ተለውጧል። አሊ የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት በ1984 ተነግሮት ነበር። በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክን ችቦ ሲለኩስ ዓለም የተመለከተው የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ነው። በአንደበቱ ርቱዕነት የታወቀው ሰው ቃላት ለማውጣት በሚቸገርበት ወቅት፣ የቀድሞ ድምፁ ከፊልም ጥቅልሎች ወጥቶ እንደገና ተሰማ።

በማኅደር ምስሎች የሚሠሩ ፊልሞች ኃይላቸው እዚህ ላይ ነው፤ ባለታሪኩ የነገውን አያውቅም፣ ተመልካቹ ግን ያውቃል። ፎርማን ጆ ፍሬዘርንና ኬን ኖርተንን እያንዳንዳቸውን በሁለት ዙር ያሸነፈ የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበርና ብዙዎች ለአሊ ሰግተዋል። አሊ ግን ገመዱን ተደግፎ የቡጢ ናዳ እየተቀበለ ተጋጣሚውን አደከመ፤ በስምንተኛው ዙርም ዘረረው። ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ተመልካች እንኳ ያን ትዕይንት ልቡ ሳይመታ አያልፈውም።

ሆኖም ምስል ሰውን በአንድ ወቅት ላይ አቁሞ ያስቀረዋል። በኪንሻሳ የተቀረጸው ፎርማን ዝምተኛና ፊቱን ያጠቆረ ባላንጣ ነው። ያን ብቻ ያየ ሰው በዚያው ይፈርድበታል።

ፊልሙ በ1997 የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ ሁለቱም በአዳራሹ ነበሩ። አሊ ወደ መድረኩ ሲወጣ ደረጃውን እንዲወጣ ክንዱን ይዞ የረዳው ፎርማን ነው። አሊ በ2016፣ ፎርማን በ2025 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በፊልሙ ውስጥ ዛሬም ባላንጣዎች ናቸው፤ ወዳጅነታቸው የተጻፈው ካሜራው ከጠፋ በኋላ ነው።